የአምባዛ መኖ አመራረጥ፦ ሁለት መኖ በራሳችሁ ገንዳ ላይ በ56 ቀን አወዳድሮ መወሰን

አምባዛ ማርባት ጀምረው በስድስተኛው ወር መረብ ሲጎትቱ 150 ግራም፣ 200 ግራም ብቻ የሆነ አሳ የሚያወጡ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው፣ ከዛ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ "የቱን መኖ ልግዛ?" ስም ብቻ ብነግራችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም። ባቱ ላይ አሳውን እንደ እርሾ የነፋው መኖ ሰበታ ላይ ውሃው ቀዝቅዞ አሳው ሳይነካው ይቀራል፣ ወይ ፔሌቱ (የመኖው እንክብል) ለአሳው ጫጩት አፍ ትልቅ ሆኖ ከስር ይበሰብሳል፣ ወይ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ዓመት ከርሞ የመጣ ይሆናል። ስለዚ እዚ የምጽፈው ሁለት መኖ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በራሳችሁ ውሃ በ56 ቀን እንዴት እንደምትለዩ ነው። ትልቁን ኩሬ ከመሙላታችሁና መኖ በኩንታል ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፣ አንዷ ደረጃ ከተዘለለች መጨረሻ ላይ የምታገኙት ቁጥር ይዋሻችኋል።

የሚያስፈልጋችሁ

እኩል የሆኑ 4 ትንንሽ ገንዳዎች (ለእያንዳንዱ መኖ ሁለት ሁለት)፣ ካልተቻለ 2። 2 በ2 ሜትር ሆኖ ውሃው 80 ሳንቲም ቢሆን በቂ ነው፣ ሲሚንቶም ጂኦሜምብሬንም (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ) ይሆናል፣ ዋናው ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ለአንድ ገንዳ 100 ጫጩት፣ ከየመኖው ለአንድ ገንዳ 15 ኪሎ። እስከ 5 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን፣ የኩሽና ሚዛን ይሆናል። ቴርሞሜትር፣ የእጅ መረብ፣ ሳፋ፣ ክዳን ያለው ባልዲ ለየገንዳው አንድ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተሩን በስልክ አትተኩት፣ እጃችሁ ርጥብ ነው የሚሆነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ውሃውን እዩ

ቴርሞሜትሩን ወደ 30 ሳንቲም አስገቡና ጠዋት 1 ሰዓት ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ለ5 ቀን ለኩ፣ ጻፉት። አምባዛ ደህና አድርጎ የሚበላውና የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። 22፣ 23 ላይ ያድጋል ግን ቀስ ይላል። ከ20 በታች ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ በጣም ይቀንሳል፣ የፈለገ ውድ መኖ ብትበትኑለት ታች ተቀምጦ ዝም ይላችኋል፣ የበላውንም ቢሆን በደንብ አይፈጭም። አርባ ምንጭ ያለ ሰውና ሰበታ ያለ ሰው ከአንድ ፋብሪካ ገዝተው ውጤታቸው የማይገናኘው ለዚ ነው።

ደጋ ያላችሁ ሙከራውን ከህዳር እስከ ጥር አታድርጉት፣ የካቲት ሲጋመስ ጀምሩ። ገንዳው ላይ እንደ ግሪንሃውስ ላስቲክ ብትወጥሩበት ሌሊት የሚጠፋውን ሙቀት ይይዝላችኋል፣ ግን ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩት ምክንያቱም አምባዛ ብቅ ብሎ አየር መሳብ አለበት።

⚠ "አምባዛ አይሞትም" የሚለው አባባል ብዙ ሰው አክስሯል። እውነት ነው ከአየር ስለሚተነፍስ ሌላ አሳ የሚያልቅበት ውሃ ውስጥ ይቆያል። ግን በሕይወት ቆየ ማለት አደገ ማለት አይደለም። ውሃው አረንጓዴ ወጥ መስሎ፣ ከስር ጥቁር ጭቃ ተኝቶ፣ ሽታ ካለው አሳው ጉልበቱን የሚጨርሰው ለመቆየት ነው፣ መኖው ወደ ሥጋ አይሄድም። ሁሉም አሳ አንዴ ላይ አንዴ ታች እየተመላለሰ አየር የሚስብ ከሆነ መኖ ከመቀየራችሁ በፊት ውሃ ቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ

ሻጩ የሚነግራችሁን ተዉትና ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን ወይ የታተመውን እዩ። ጽሁፍ የሌለው መኖ ወይ ከትልቅ ጆንያ ተገልብጦ በኪሎ የሚሸጥ መኖ ለዚ ሙከራ አትግዙ፣ ነገ ድጋሚ ልግዛ ብትሉ ያው መኖ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ፕሮቲን፦ ከ5 ግራም በታች ላለ ጫጩት 45 ፐርሰንትና ከዛ በላይ፣ ከ5 እስከ 50 ግራም ከ40 እስከ 45፣ ከዛ በኋላ ከ35 እስከ 40። አምባዛ በተፈጥሮው አዳኝ ነው፣ ቆሮሶ በሚያድግበት 28 ወይ 30 ፐርሰንት መኖ አምባዛን ከትንሽነቱ ማሳደግ አይቻልም። ከረጢቱ ላይ "የአሳ መኖ" ስለተባለ ብቻ አትውሰዱ፣ ለየትኛው አሳ እንደሆነ ጠይቁ።

ስብ፦ ከ8 እስከ 12 አካባቢ። ስቡ ሲያንስ አሳው ለጉልበት ብሎ ውዱን ፕሮቲን ያቃጥለዋል፣ ሲበዛ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ይከማቻል።

ፋይበር፦ ከ5 ወይ 6 ፐርሰንት ባይበልጥ። ይሄን ማንም አያየውም፣ እኔ ግን ከፕሮቲኑ ቀጥሎ የማየው እሱን ነው። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ የበዛበት መኖ ወረቀት ላይ ፕሮቲኑ ደህና ይመስላል፣ ግን ፋይበሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ግማሹ እንደገባ ይወጣል፣ ውሃችሁንም ያጠቁራል።

የተመረተበት ቀን፦ ከ3 ወር በላይ የቆየ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ፣ ከ6 ወር ካለፈ ተዉት። ቫይታሚን ሲ በጊዜና በሙቀት ስለሚጠፋ ፕሮቲኑ ደህና ሆኖ እንኳን አሳው ይታመማል።

የፔሌቱ መጠን፦ ከ5 እስከ 20 ግራም ላለ አሳ 2 ሚሊ፣ ከ20 እስከ 80 ግራም 3 ሚሊ፣ ከዛ እስከ 300 ግራም 4 ሚሊ፣ ከ300 በላይ 6 ሚሊ። ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። የምታወዳድሯቸው ሁለቱ መኖዎች ግን እኩል መጠን ያላቸው ይሁኑ፣ አንዱ 2 ሚሊ ሌላው 4 ሚሊ ከሆነ መኖ ሳይሆን የአፍ ስፋት ነው የምታወዳድሩት።

⚠ የዶሮ መኖ። እባካችሁ ይሄን በጥሞና አንብቡት። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ፕሮቲኑ 16፣ 17 ፐርሰንት ነው፣ ለቅርፊት ተብሎ ደግሞ ወደ 4 ፐርሰንት የሚጠጋ ካልሲየም አለበት፣ እሱ ለአሳ ምንም አያደርግለትም። የሥጋ ዶሮ መኖም ቢሆን ከ20 እስከ 23 አካባቢ ነው። እኔ የመጀመሪያ ዙሬን ሙሉ የጣይ መኖ እያበላሁ ነው የጨረስኩት፣ ርካሽ ነበር፣ ሰፈር ውስጥ ይገኝ ነበር፣ አሳዎቹም ስበትን ይሻሙ ነበር። አንድ ቀን ሁለቱን አርጄ ሆዳቸውን ስከፍት ከጉበቱ ጀምሮ እስከ ታች ነጭ ስብ ነው፣ ጣቴን ብሰድ ሥጋ አላገኘሁም፣ ጎኑ ላይ ያለው ሥጋ ከትንሿ ጣቴ አይወፍርም። ስድስት ወር፣ 170 ግራም። በቆሎው ስብ ሆኗል፣ ሥጋ የሚሆን ፕሮቲን ደግሞ አልነበረውም።

ደረጃ 3፦ ከመክፈላችሁ በፊት በእጅ ፈትሹ

ሀ. ብርጭቆ ውሃ ሙሉና 20 ፔሌት ጣሉበት። ተንሳፋፊ ተብሎ የተሸጠ ከሆነ ከ30 ደቂቃ በኋላ 18ቱ ላይ መሆን አለባቸው፣ ቅርጻቸውም አልፈረሰም። ሰማጭ ከሆነ ቢያንስ 10፣ 15 ደቂቃ ሳይፈርስ ይቆይ። 3 ደቂቃ ውስጥ ውሃውን ቡና ካስመሰለው እሱ መኖ ገንዳችሁ ውስጥም የሚያደርገው እሱኑ ነው።

ለ. 1 ኪሎ መዝኑና በዱቄት ወንፊት ንፉት። ከስር የወረደውን ዱቄት መዝኑ፣ ከ20 ግራም በላይ ከሆነ ብዙ ነው። 50 ግራም ከወጣ ከ50 ኪሎ ከረጢት ላይ 2 ኪሎ ተኩል ዱቄት ከፍላችሁ ውሃ ውስጥ ደፋችሁ ማለት ነው፣ 3 ሚሊ የለመደ አሳ ዱቄት አይለቅምም።

ሐ. እፍኝ ያዙና በእጃችሁ ሙቀት አፍናችሁ አሽትቱት። ጥሩ መኖ የአሳ ወይ የተቆላ እህል ሽታ አለው። የቆየ ቀለም ወይ የከረመ ዘይት ከሸተተ ስቡ ተበላሽቷል። አረንጓዴ ወይ ግራጫ ሻጋታ፣ የተጋገረ ጓል፣ ርጥበት ካያችሁ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። በቆሎና ለውዝ ላይ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ነው የሚጎዳው፣ አሳው ወዲያው ላይሞት ይችላል ግን እድገቱ ይቆማል፣ ማድረቅም መቀቀልም አያጠፋውም።

እኔ አንዴ ከማውቀው ነጋዴ የገዛሁት መኖ ቤት ስከፍተው ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ብሩን ስላወጣሁ እያየሁ አበላሁት። የመጀመሪያ ቀን በሉ፣ በአራተኛው ቀን ፔሌቱ ላይ ቀርቶ በንፋስ ጥግ ተሰብስቦ አገኘሁት። አፍንጫችሁን እመኑ።

መ. ላብራቶሪ ማስመርመር ከቻላችሁ አስመርምሩ፣ መኖ የሚመረምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማዕከላት አሉ። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ የተለመደው የፕሮቲን ምርመራ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፣ ያንን በ6.25 አባዝተው ፕሮቲን ይሉታል። ዩሪያ የተጨመረበት ወይ በደንብ ያልተዘጋጀ የላባ ዱቄት ያለበት መኖ ወረቀት ላይ 40 ብሎ ሊወጣ ይችላል፣ አሳው ግን አያውቀውም። ለዛ ነው የመጨረሻው ምርመራ ራሱ ገንዳው የሚሆነው።

ደረጃ 4፦ ጫጩቱን ለዩ፣ ቁጠሩ፣ አከፋፍሉ

ጫጩት ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ዙር ግዙ። ሰበታ ካለው የአሳ ምርምር ማዕከልም ይሁን ከግል አባዢ፣ እድሜያቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከ15 እስከ 25 ግራም ያለ ለሙከራ ይሻላል፣ ከዛ ያነሰው ሲጓጓዝም ሲላመድም ብዙ ይሞታል።

በመጡ ቀን አትመግቡ። የመጡበትን ላስቲክ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፉት፣ ከዛ ከገንዳው ውሃ በጣሳ እየጨመራችሁ ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቁና ልቀቁ። ለ5 ቀን ሁሉም አንድ ገንዳ ውስጥ ሆነው ሁለቱን መኖ እኩል ቀላቅላችሁ ስጧቸው፣ አንዱን ብቻ ካስለመዳችኋቸው ሌላው መኖ ሲጀምር ለሳምንት ይኮራሉ።

ከዛ መለየት ነው። አምባዛ ትንሽ እያለ እርስ በርሱ ይበላላል፣ አንዱ በግማሽ ከበለጠ ሌላውን ይበላዋል። መሬት ላይ ርጥብ ጆንያ አንጥፉ፣ ሦስት ሳፋ ደርድሩ፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ እያላችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ለዩ። ለሙከራው መካከለኛውን ብቻ ውሰዱ። አሥር አሥር እያደረጋችሁ ገንዳ አንድ፣ ገንዳ ሁለት፣ ገንዳ ሦስት፣ ገንዳ አራት እያላችሁ በዙር አከፋፍሉ። መጀመሪያ የተያዙትን 100 አንድ ገንዳ ውስጥ አትጨምሩ ምክንያቱም ቀድሞ መረብ ውስጥ የሚገባው አሳና መጨረሻ የሚቀረው አንድ ዓይነት አይደለም።

የየገንዳውን 100 አሳ ጠቅላላ ክብደት መዝናችሁ ጻፉ። በገንዳዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ግራም ከበለጠ የተወሰኑትን ቀያይሩ። የቱ ገንዳ የቱን መኖ እንደሚበላ በእጣ ወስኑ፣ ጥሩ ፀሐይ የሚያገኘውን ገንዳ ለወደዳችሁት መኖ እንዳትሰጡ።

የገንዳውን አፍ በመረብ ሸፍኑ። ዝናብ ሲዘንብ አምባዛ ወጥቶ በሳር ላይ ይሄዳል፣ ጠዋት ስትቆጥሩ 92 ሲሆን ሞተ ነው የምትሉት።

ደረጃ 5፦ አመጋገብ

አሳው 20 ግራም አካባቢ ሲሆን በቀን የክብደቱን 5 ፐርሰንት፣ 50 ግራም ሲደርስ 4፣ ከ100 በኋላ 3 አካባቢ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 100 አሳ በ20 ግራም 2 ኪሎ ነው፣ የ2 ኪሎ 5 ፐርሰንት 100 ግራም። ይሄ ውሃው 25 እና ከዛ በላይ ሲሆን ነው፣ 22 አካባቢ ከሆነ ሲሶውን ቀንሱ።

1. ጠዋት የየገንዳውን የቀን ድርሻ መዝናችሁ በየባልዲው አድርጉ፣ ባልዲው ላይ የገንዳውን ቁጥር ጻፉበት።
2. በሦስት ከፋፍሉት፦ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት። አምባዛ ሲጨልም መብላት ይወዳል፣ የማታውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ደጋ ላይ ግን ማታ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ 10 ሰዓት ላይ ጨርሱ፣ ጠዋትም 4 ሰዓት ሳይሞላ አትጀምሩ።
3. ሁልጊዜ በአንድ ጥግ፣ ትንሽ ትንሽ እየበተናችሁ ስጡ። መጀመሪያ ሲሻሙ ውሃው እንደ ፈላ ድስት ይሆናል፣ ጭራቸው ሲመታ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ያ ድምፅ ሲቀንስ አቁሙ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ፔሌት ካለ አብዝታችኋል።
4. የተረፈውን ማታ መዝናችሁ ጻፉ። የተሰጠው መኖ ማለት ከባልዲው የወጣው ነው እንጂ ጠዋት የመዘናችሁት አይደለም።
5. ከገንዳዎቹ ሁሉ እኩል ውሃ በአንድ ቀን ቀይሩ፣ ለምሳሌ በ3 ቀን አንዴ ሲሶውን።

የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ ቸር ይሆናል አንዱ ቆጣቢ፣ በመጨረሻ የምታወዳድሩት ሰዎቹን ነው። ልጅ ወይ ጠባቂ የሚመግብላችሁ ከሆነ አብራችሁት ሦስት ቀን ቁሙና ከዛ ስጡት።

ደረጃ 6፦ በየ14 ቀኑ መመዘን

በዋዜማው ማታ አትመግቡ፣ ሆዱ ባዶ ይሁን። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሳፋ ላይ ከገንዳው 3 ሊትር ውሃ አድርጉና ከመክደኛው ርጥብ ጆንያ ጋር ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት። በእጅ መረብ ከተለያየ ጥግ 10 አሳ አውጡ፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ 5 ሰከንድ ያዙ፣ ሳፋው ውስጥ ጨምሩና በዛው ርጥብ ጆንያ ክደኑ። ካልከደናችሁ ይዘላሉ፣ ሚዛኑም አይረጋም። ቁጥሩን ጻፉ፣ መልሷቸው፣ ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ 30 አሳ ሆነ ማለት ነው። ጠቅላላውን ለ30 አካፍሉ።

አዲሱን አማካይ ክብደት በቀረው አሳ ቁጥር አባዙና የሚቀጥለውን 14 ቀን መኖ አስሉ። ይሄን ሳያደርጉ በመጀመሪያው 100 ግራም ለሁለት ወር የሚቀጥሉ ሰዎች አሉ፣ አሳው ሦስት እጥፍ አድጎ መኖው ያው ሲሆን እድገቱ ይቆምና "መኖው ደካማ ነው" ይላሉ። መኖው ምን ያድርግ፣ አላገኘውም እኮ።

በምትመዝኑበት ቀን አሳውን እዩት። ቆዳው የሚያበራ፣ ጢሙ ሙሉ፣ ሆዱ ከጎኑ ጋር እኩል መሆን አለበት። በጣም የበለጡ ሁለት ሦስት ካሉ ከገንዳው አውጡና ክብደታቸውን በማስታወሻ ያዙ፣ ካልሆነ ትንንሾቹን እየበሉ ያላበላችሁትን መኖ እድገት ያስመስሉላችኋል።

ደረጃ 7፦ ሒሳቡ

በ56ኛው ቀን ሁሉንም አሳ ቁጠሩ፣ ሁሉንም መዝኑ። በምሳሌ ላሳያችሁ፣ ዋጋውን በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ተኩት።

ርካሹ መኖ፦ ኪሎው 60 ብር። ሲጀምር 2 ኪሎ አሳ ነበር። ሲያልቅ 95 አሳ፣ በአማካይ 75 ግራም፣ ጠቅላላ 7.125 ኪሎ። የጨመረው 5.125 ኪሎ። የበላው 10.6 ኪሎ። 10.6ን ለ5.125 ስታካፍሉ 2.07 ይመጣል፣ ኤፍሲአር የሚባለው ይሄ ነው፣ 1 ኪሎ አሳ ለመጨመር 2.07 ኪሎ መኖ ፈጀ ማለት ነው። በ60 ብር ስታባዙት 1 ኪሎ አሳ በመኖ ብቻ 124 ብር ወጣበት።

ውዱ መኖ፦ ኪሎው 95 ብር። ሲጀምር ያው 2 ኪሎ። ሲያልቅ 98 አሳ፣ በአማካይ 140 ግራም፣ 13.72 ኪሎ። የጨመረው 11.72፣ የበላው 14.1 ኪሎ፣ ኤፍሲአሩ 1.2። በ95 ብር 1 ኪሎ አሳ 114 ብር።

ስለዚ በኪሎ 35 ብር የሚበልጠው መኖ በአንድ ኪሎ አሳ 10 ብር ይቆጥባል፣ በዛ ላይ አሳው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግን በጭፍን ውዱን ግዙ እያልኩ አይደለም። ያው መኖ 103 ብር ሲደርስ ከርካሹ ጋር ይተካከላል፣ 110 ሲገባ በኪሎ አሳ 132 ብር ሆኖ ይበልጣል። የዛን ጊዜ ጊዜውን አስቡ፦ አሳው ሁለት ወር ቀድሞ ከደረሰ የውሃ፣ የጠባቂ፣ የኪራይ ሁለት ወር ተረፈ፣ በዓመት አንድ ዙር ሊጨመር ይችላል። ለጾም ገበያ ማድረስ ያለባችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ፍጥነቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጾሙ ካለፈ በኋላ የደረሰ አሳ ማንም በዛ ዋጋ አይወስደውም።

አንድ ዓይነት መኖ የበሉት ሁለት ገንዳዎች በመካከላቸው በጣም ከተለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ 140 ሌላው 105 ግራም ከሆነ፣ ሙከራው አልሰራም ማለት ነው። ልዩነቱ ከመኖ አልመጣም፣ ከውሃ ወይ ከአሳው ቁጥር ነው፣ ምክንያቱን ፈልጋችሁ ድገሙት።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ

ድንገት መብላት ካቆሙ፦ መኖ አቁሙ፣ አትጨምሩ። ሙቀት ለኩ። በአንድ ሌሊት 3፣ 4 ዲግሪ ወርዶ ከሆነ ሁለት ቀን ጠብቁ። ሙቀቱ ያው ከሆነ ሲሶ ውሃ ቀይሩና ከስር ያለውን ቆሻሻ በቱቦ ሳቡ፣ ፕሮቲን የበዛበት መኖ ሲተርፍ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። በማግስቱ በግማሽ ድርሻ ጀምሩ። ሁለቱም መኖ ላይ ካቆሙ ውሃው ነው፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ መኖውን ድጋሚ አሽትቱት፣ አዲስ ከረጢት ከፍታችሁ ከነበረም ከአሮጌው ጋር አወዳድሩት።

ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው ከቀጠነ፦ አንድ አሳ አርዳችሁ ሆዱን ክፈቱ። ስብ ከሆነ መኖው ፕሮቲኑ ያንሳል ወይ አብዝታችኋል። ፈሳሽ ውሃ ከሆነ በሽታ ነው፣ ሙከራውን አቋርጡና ባለሙያ ጥሩ፣ በራሳችሁ የሰው ወይ የዶሮ መድኃኒት አትደፉበት።

ጭንቅላቱ ላይ ስንጥቅ ወይ ቀይ ቁስል ከወጣ፣ ወይ አከርካሪው ከጎበጠ፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። የቆየ መኖ ላይና ቤት ውስጥ በተዘጋጀ መኖ ላይ ይመጣል። መኖውን በትኩስ ቀይሩ፣ የተሰነጠቀው ራሱ ቶሎ አይድንም ግን ሌላው ይተርፋል።

በየቀኑ አንድ ሁለት እየጠፋ ሬሳ ከሌለ፦ ወይ ወፍ ነው፣ ወይ ወጥቶ ሄዷል፣ ወይ ተበልቷል። መረቡን እዩ፣ ከዛ ትልልቆቹን ለዩ። መኖ ማሳነስም ያበላላቸዋል፣ የሦስቱን ሰዓት አትዝለሉ።

ፔሌቱን አፍ ውስጥ አስገብተው ከተፉት፦ በዝቶበታል ወይ ትልቅ ነው። አንድ ቁጥር ወደ ታች ውረዱ፣ ካልተገኘ በሙቀጫ ሰንጥቃችሁ ዱቄቱን ነፍታችሁ ስጡ።

ደረጃ 8፦ ከወሰናችሁ በኋላ

ከአንዱ መኖ ወደ ሌላው ወይ ከ2 ሚሊ ወደ 3 ሚሊ ስትሄዱ በ6 ቀን ውስጥ ቀይሩ፦ ሁለት ቀን ሩቡ አዲስ፣ ሁለት ቀን ግማሹ፣ ሁለት ቀን ሦስት አራተኛው። በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ሳምንት እድገት ያጣል።

አንድ ወር የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ግዙ። ርብራብ ላይ አስቀምጡ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁ፣ አሮጌውን ከፊት አዲሱን ከኋላ። የተከፈተውን ከረጢት በየቀኑ እሰሩት። ቆርቆሮ ስር በቀጥታ አትደርድሩ፣ ከሰዓት የሚገባው ሙቀት ቫይታሚኑንም ዘይቱንም ይጨርሰዋል። አይጥ የቀደደውን ከረጢት ቀድማችሁ አውጡት።

ብሩ ለሙሉ ዙር ካልበቃችሁ መጀመሪያ ላይ አትቆጥቡ፣ መጨረሻ ላይ ቆጥቡ። አንድ አሳ እስከ 100 ግራም የሚበላው ጠቅላላ መኖ በጥሩ ኤፍሲአር 120 ግራም አካባቢ ነው፣ ብዙ ብር አይደለም፣ በዛ እድሜ የተጎዳ አሳ ግን በኋላ የፈለገ ብታበሉት ያመለጠውን መድረስ ያቅተዋል። ከ100 ግራም በኋላ ከፊሉን በቤት መኖ መተካት ይቻላል፦ 40 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ 20 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 15 ኪሎ የተቀቀለና የደረቀ የአሳ ተረፈ ምርት ዱቄት፣ 15 ኪሎ ፉርሽካ፣ 8 ኪሎ በቆሎ፣ 2 ኪሎ ዘይትና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ)። ወደ 34 ፐርሰንት ፕሮቲን ይመጣል። ሐይቅ ዳር ያላችሁ፣ ባቱም ሐዋሳም፣ ራስና አጥንቱ ከሚጣልበት ቦታ ታገኛላችሁ፣ ሳይቀቀል ግን አትስጡ፣ በሽታ ወደ ገንዳችሁ ይዞ ይመጣል። አኩሪ አተሩን ፍሬውን ከገዛችሁ ቁሉት፣ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው።

ይሄን የቤት መኖ ሙሉ ኩሬ ላይ ከማዋላችሁ በፊት እንደ ሦስተኛ መኖ ቁጠሩትና ከደረጃ 3 ጀምራችሁ፣ ከ100 ግራም ባለፈ አሳ፣ በዛችው ትንሽ ገንዳ ላይ 56 ቀን አስገቡት።